የጭቃው በሬ

ክረምቱ ወጥቷል፤ የወንዙ ዳር ጭቃ ግን ገና አልደረቀም ነበር። አንድ ጎረቤቴ ከብቶቹን ሊያይ ወረደ። የሰባት ዓመት ልጁን እስከ ክርኑ በጭቃ ተለውሶ አገኘው።

“አንተ! ላሞቹን ጥለህ ጭቃ ታቦካለህ?” ብሎ በትሩን አነሳ።

ልጁ ደነገጠ። “አባባ፣ ቦራ እኮ ነው” አለ።

አባትየው ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ቦራ ነው! ቀንዶቹ የግራር እሾህ ናቸው። የቤታቸው በሬ ግራ ቀንዱ ወደ ታች የወረደ ነው። ልጁም የግራውን እሾህ ወደ ታች ሰክቶታል። ግንባሩን አመድ ቀብቶታል። አባትየው በትሩን አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ። ሻኛውን እሱ ሠራለት።

ብዙዎቻችን ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ እንለዋለን። እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም። የትኛው ቀንድ እንደ ወረደ የሚያውቅ ልጅ ከብቱን አስተውሎ የሚያይ ልጅ ነው።

እስቲ እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የሚገዛ ነገር የለም። የሚያጣብቅ ጭቃ ውሰዱ። ጠጠሩን ልቀሙና ደህና አድርጋችሁ እሹት። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግድግዳ ስትመርጉ እንደምታደርጉት ትንሽ የጤፍ ጭድ ደባልቁበት። የሠራችሁትን ፀሐይ ላይ አታስጡት። ፀሐይ ላይ ውጪው ቶሎ ደርቆ ይኮማተራል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ያኔ ይተረተራል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ቀለሙም ከደጅ አይጠፋም። ጥቁሩ ከሰል ነው፤ ቀዩ ቀይ አፈር ነው። የቅጠል ጭማቂም ያምራል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ይደበዝዛል።

አንድ ነገር አደራ! የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉር ስለሆነ ልጆች ለበሬው ዓይን ይመርጡታል። ፍሬው መርዝ ነው። አኝኮ የዋጠው ልጅ ሊሞት ይችላል። ለዓይኑ ምስር ይበቃል። የቁልቋል ወተትም ዓይን ያጠፋል። ወተቱ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ልጅ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እሱ ፊደል መቁጠር የጀመረው በቅርቡ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። በሬውን ጥላ ሥር ካስቀመጡ በኋላ ልጁ ሦስት ጭራሮ ለቀመ። አንዱን መሬት ላይ አጋደመ። ሁለቱን ከሱ በታች እንደ እግር ዘረጋቸው።

“ይሄ ማነው?” አለ።

“በ” አለ አባት።

ልጁ ከቀኝ እግሩ መካከል ላይ ትንሽ ጭራሮ ጨመረ። “ቡ” አለ አባት። ጭራሮዋን ወደ እግሩ ጫፍ አወረዳት። አባት ትንሽ አሰበና “ቢ” አለ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ጭቃ አድቦልቡሎ ጭራሮዋ ባለችበት አስቀመጠና፣ “ቤ! አውቄሃለሁ!” ብሎ ጮኸ።

ላሞቹ ለካ የሰው በቆሎ ውስጥ ገብተዋል።