ከአጥሩ በፊት መንገዱ!

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ማን ምን ያህል ይያዝ ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ። ቦታዎቹ በምን ይገናኙ የሚለው ግን የፕላን ጥያቄ ነው። አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተሞች ዕድገት በመዋቅራዊና በአካባቢ ልማት ፕላን እንዲመራ የደነገገውም ስለዚህ ነበር።

እንደ አርሲ ሮቤ ባሉ የደጋ ከተሞች ማሳው በዘፈቀደ ተሸንሽኖ ቤት ከተሠራበት በኋላ መንገድ ማውጣት የሠርቶ አደሩን ጎጆ ማፍረስ ይሆናል። ፕላን ዘግይቶ ቤት ከቀደመው ጥፋቱ የነዋሪው ብቻ አይደለም። ሆኖም አጥሩን አንድ ክንድ የገፋ ሰው የሚነጥቀው ምጥ የያዛት እናት የምትወጣበትን፣ የክረምቱ ጎርፍ የሚወርድበትን፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን የጋራ መተላለፊያ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

ስለዚህ ችካል ከመተከሉ በፊት የመንገዱና የቦዩ መስመር ይለይ! ፕላኑም በቀበሌ ስብሰባ ተዘርግቶ ነዋሪው ይመልከተው፤ ይጠይቅበት። የከተማ መሬት የሕዝብ ነው ካልን፣ መንገዱ ከሁሉ አስቀድሞ የሕዝብ ነው!