ክራር በዐይን ይመረጣልን?

በቤቴ ሁለት ክራሮች አሉኝ። ሁለቱም በእጅ የተሠሩ ናቸው። አንደኛው ገበቴው ከዋንዛ ተፈልፍሎ፥ ምሰሶዎቹም በቀለም አጊጠው፥ ከአንድ ባለሙያ የገዛሁት ነው። ሁለተኛውን ግን አጎቴ ናቸው የሠሩልኝ፤ እናቴ ከጓዳ ባወጣችው ጐድጓዳ የብረት ሳህን ላይ የፍየል ቆዳ ወጥረው፥ እንጨት አቁመው። ክራር መምታት የተማርሁትም በዚሁ በሳህኑ ነው።

ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ስንሰናዳ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነ ጓደኛዬ «ያንን የወጥ ሳህን ይዘህ እንዳትመጣ» አለኝ። እኔም ዐፈርሁና የእንጨቱን ይዤ ወጣሁ። አጎቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ ስለ ክራሩ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። በሳምንቱ ግን ቤታችን መጥተው የሳህኑን ክራር ከግድግዳ አወረዱና ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ላልቷል፤ በአዲስ ልወጥርልህ?» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ማወዳደር ያዝሁ። በመጀመሪያ የእንጨቱ እጅግ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ፍርዴ የተጣመመ ነበር፤ ይኸውም የእንጨቱ ክር አዲስ፥ የሳህኑ ክር ያረጀ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ከምሳ ገንዘቤ ቈጥቤ (እናቴ ይህን ስታነብ ምን እንደምትል እንጃ) አንድ ዐይነት የናይሎን ክር ገዛሁና የሁለቱንም ስድስት ስድስት አውታር ለወጥሁ። በትዝታ ቅኝትም እኩል ቃኘኋቸው። ከዚያም እኅቴን ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀምጬ አንዱን ዜማ በሁለቱም መታሁላት። በክፍል ውስጥ የእንጨቱን መረጠች፤ ድምፁ ለስላሳ ስለ ሆነ ዘፋኙን ከሥር ይደግፋል እንጂ አይሻማውም። ከግቢያችን አጥር ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም ግን የሳህኑን መረጠች፤ ጠራ ብሎ ይወጣል፥ እያንዳንዱም ክር ለብቻው ይሰማል። እንከኑን አልደብቅም፤ አጥብቀው ሲመቱት ጆሮ ይወጋል። በክረምት ደግሞ የሁለቱም ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ፀሐይ ካልሞቁ አይሆኑም። በዚህስ ዋንዛና ብረት ልዩነት የላቸውም።

ብረት ለዜማ መሣሪያ ውርደት ነው የሚል ቢኖር በአሜሪካ አገር የሆነውን ይመልከት። የኤሌክትሪክ ጊታር ገና ባልተለመደበት ዘመን ጊታር በባንድ መካከል ድምፁ እየተዋጠ ያስቸግር ነበር። በዚህ ጊዜ ከስሎቫኮች አገር የፈለሰው ጆን ዶፒዬራ በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በ1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ከብረት በተሠራ ጊታር ሆድ ውስጥ ሾጣጣ ቅርፅ ያላቸው ሦስት ስስ የአሉሚንየም ሳህኖች አስገባ። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ ወደ ሳህኖቹ ይተላለፋል፤ እነርሱም አጕልተው ያወጡታል። በእኛ ክራር ይህን የሚሠራው ቆዳው ነው። ይኸው ሰው ጥቂት ቆይቶ ከወንድሞቹ ጋር «ዶብሮ» የተባለውን ሲያወጣ አካሉን ከእንጨት፥ ሳህኑንም አንድ ብቻ አደረገው። ብረቱን ብዙ የብሉዝ ተጫዋቾች ወደዱት፤ ዶብሮም በአሜሪካ የባላገር ዘፈን ውስጥ ስፍራውን አገኘ። እንግዲህ አንድ ባለሙያ ሁለቱንም ሲሠራ ሳህን መሆኑ አላሳፈረውም።

«ማይክሮፎን እያለ የሚርቅ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ይኖራል። ማይክሮፎን የክራሩን ድምፅ ያጐላዋል እንጂ ሌላ ክራር አያደርገውም፤ ለስላሳው ለስላሳ፥ ጥርት ያለውም ጥርት ያለ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በሚመጣው የወላጆች ቀን ክራሮቹ ከመጋረጃ ኋላ ተመትተው በጆሮ እንዲመረጡ አዘጋጆቹን እለምናለሁ። የእንጨቱ ቢመረጥ አልቀየምም፤ አዳራሻችን ጠባብ ስለ ሆነ ምናልባት እርሱ ይሻል ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ። አጎቴንም ጠርቻቸዋለሁ፤ የጐደለን መጋረጃ የሚይዝ ሰው ብቻ ነው።