ክሮሚየም “ስንት ነው?” ብቻ ሳይሆን “የትኛው ነው?” ይባል

የቆዳ ፋብሪካዎችና የወንዞች ብክለት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው በአንድ ቁጥር ዙሪያ ነው፡፡ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ክሮሚየም ተገኘ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቂ ግን አይደለም፡፡ ክሮሚየም በውኃ ውስጥ በዋናነት በሁለት መልክ ይገኛል፡፡ የሁለቱ ጠባይ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፡፡

ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ሦስት ነው፡፡ ይህ ዓይነቱ አሲድነት በሌለው ውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ከደለል ጋር ይዘቅጣል፡፡ ክሮሚየም ስድስት ግን በውኃ ሟሙቶ ሩቅ ይጓዛል፣ ወደ ሕዋሳትም በቀላሉ ይገባል፡፡ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1990 በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል፡፡

እንግዲያው “የምንጠቀመው ክሮሚየም ሦስት ነው” የሚል ፋብሪካ ከነቀፌታ ነፃ ነውን? አይደለም፡፡ በአፈርና በደለል ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሦስቱን ወደ ስድስት ሊለውጠው ይችላል፡፡ በአንፃሩ ኦክስጂን ያጠረው፣ ብስባሽ የበዛበት ቆሻሻ ውኃ ስድስቱን ወደ ሦስት ይመልሳል፡፡ ስለዚህ ከሞጆ ፋብሪካዎች ቱቦ የሚወጣው ክሮሚየምና ወንዙ ወደ ቆቃ ሲወርድ የሚገኘው መልኩ አንድ ላይሆን ይችላል፡፡

ችግሩ ከናሙና አወሳሰድ ይጀምራል፡፡ ጠቅላላ ብረትን ለመለካት ናሙናው ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፡፡ ይኸው አሲድ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት እንዲለወጥ ስለሚገፋፋ፣ ላቦራቶሪው የሚፈለገውን መርዝ ሳያየው ሊቀር ይችላል፡፡ መፍትሔው ውድ አይደለም፡፡ ሁለተኛ ጠርሙስ ያለ አሲድ መቅዳት፣ ማቀዝቀዝ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ነው፡፡ ዳይፊኒልካርባዛይድ የተባለው ኬሚካል ከክሮሚየም ስድስት ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል፤ የቀለሙን ድምቀት ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይለካዋል፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው 50 ማይክሮግራም በሊትር የጠቅላላ ክሮሚየም ልክ ነው፡፡ ካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ለክሮሚየም ስድስት ብቻ 10 ማይክሮግራም የሚል ገደብ አውጥታለች፡፡ በእኛም አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፡፡ አዋጁ ጥርስ የሚኖረው ማስረጃው ሲጠራ ነው፡፡ መልኩን ያልለየ ቁጥር ለበካዩ መሸሸጊያ፣ ንፁሕ ለሆነው ደግሞ መወንጀያ ይሆናል፡፡ በመሀል የሚጎዳው ከወንዙ የሚጠጣውና አትክልት የሚያጠጣው ሕዝብ ነውና፣ የሚመለከታቸው አካላት ሁለተኛዋን ጠርሙስ ግዴታ ያድርጓት፡፡