ዕቃውን በየኬላው እንጠይቃለን፤ ሰውየውንስ?

እኛ ነጋዴዎች መከታተል እናውቅበታለን። መኪናው ከጅቡቲ ከተነሣ ጀምሮ ስልካችን ከእጃችን አይወርድም። «ጋላፊ ደረስክ?»፣ «ሎጊያ አለፍክ?»፣ «አዋሽ ላይ ምን አሉህ?» እያልን ሞጆ እስኪገባ ድረስ ሾፌሩን እንቅልፍ እንነሣዋለን። ከወደብ ስለወጣ ብቻ «ዕቃው ደርሷል» የሚል ነጋዴ የለም።

ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ሆስፒታል ስለገባ ሰው ግን የምናስበው በተቃራኒው ነው። ሆስፒታል እስካለ ድረስ የካርቲየ 5 ሰው ይራወጣል። ምግብ የሚያመላልስ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ አጠገቡ የሚያድር አይጠፋም። ሐኪሙ «ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ» ሲለው «ተመስገን፣ ተረፈ» እንልና ወደየሱቃችን እንበተናለን። እኔ የምለው፣ አስጊው መንገድ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያን መንገድ ለማሻገር ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ፤ አጭር የስልክ መልእክት፣ ቴክስት።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር አለ። በአእምሮ ሕመም ወይም በራስ ማጥፋት ሙከራ ሆስፒታል ገብቶ ለወጣ ሰው ከሁሉም የከፋው ጊዜ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያስጨነቀው ዕዳ በቦታው ይጠብቀዋል። ሱቁ ተዘግቶ ከርሟል፣ የዕቁቡ ተራ አልፏል፣ ዱቤ የሰጠው ሰው ስልኩን አያነሣም። የቤት ሠራተኛ የሆነች እህታችን ከሆነች ደግሞ ሥራዋ ተይዞ ይጠብቃታል፣ ማደሪያዋም ሥራዋ ቤት ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ኀፍረቱ ይጨመራል። ሆስፒታል ይመላለስ የነበረው ሰው ደግሞ ቀርቷል።

ይህን ክፍተት በደብዳቤ ለመሙላት ቀድሞ ያሰበው ጀሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) በድብርት ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ሰዎች መካከል ክትትል አንፈልግም ያሉትን ወይም ያቋረጡትን 843 ሰዎች ወሰደ። በዕጣ ለሁለት ከፈላቸውና ለአንደኛው ወገን ደብዳቤ እንዲላክ አደረገ። ደብዳቤው ሁለት ሦስት መስመር ነው። ሆስፒታል ሳሉ ያነጋገራቸው ሰው ይልከዋል፤ እንዳሰባቸው ይነግራቸዋል፣ ምንም አይጠይቃቸውም። በመጀመሪያ በየወሩ፣ ቀጥሎ በየሁለት ወሩ፣ በኋላ በየሦስት ወሩ፣ በ5 ዓመት 24 ደብዳቤ ማለት ነው። በ2001 በታተመው ውጤት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ነበሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህንኑ ሐሳብ ለኑሮ ወደ እኛ በሚቀርቡ አገሮች ፈትኖታል፤ በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሆስፒታሎች። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመጡ 1,867 ሰዎች ተመዘገቡ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ያህል ምክር ተሰጣቸው፣ ከዚያም በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም ቤታቸው ድረስ በመሄድ ተጠየቁ። በ2008 በወጣው ውጤት መሠረት ከተለመደው ሕክምና ወገን ራሳቸውን ያጠፉት ከ100 ሰው 2.2 ሲሆኑ፣ ከተጠየቁት ወገን 0.2 ብቻ ናቸው። ልዩ ማሽን ወይም ውድ መድኃኒት አልተጨመረም። የተጨመረው ጠያቂ ሰው ነው።

ስለ ቴክስቱ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የማይሠራ መድኃኒት መሸጥ አልፈልግም። በአሜሪካ 658 ወታደሮች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት አለ። በአንድ ዓመት 11 አጭር መልእክት ተላከላቸው። ጥናቱ በዋናነት በለካቸው ነገሮች ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት መልእክት ከደረሳቸው 9 ከመቶ፣ ካልደረሳቸው 15 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ቴክስት ሐኪምን አይተካም፣ የታዘዘ መድኃኒትንም አያስቀርም። ጠበል የሚሄደውም፣ ዱዓ የሚያስደርገውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ቴክስቱ «አልተረሳህም» ይላል። በእነዚያ ወራት ይህን የሚል ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የእኛ ሰው ድንበር ተሻጋሪ ነው። ፔልቲየ ሆስፒታል ሲመዘገብ በ253 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል። ሲወጣ ቤተሰቡ «አገሩ ይሻለዋል» ይልና ናጋድ ባቡር ጣቢያ ይወስደዋል። ደወሌን ሲያልፍ ሲሙን አውጥቶ የኢትዮጵያውን ይከታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሆስፒታሉም፣ ለካርቲየ 5ም የለም። የተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ የወጣ ሰው በወሩ ለሥራ ወደዚህ ሲመለስ የ251 ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለእኛ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፤ ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ሁለቱንም ቁጥር፣ በተጨማሪም እሱ ራሱ የመረጠውን አንድ የቅርብ ሰው ቁጥር መጻፍ። ሆስፒታሎቹም ካርዱ ላይ ለሁለት አገር ቁጥር ቦታ ቢተዉ የሚያስወጣቸው ነገር የለም።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በፈረንሳይ ቪዢላንስ የሚባል አሠራር በ2015 በሰሜኑ ክፍል ተጀምሮ ወደሌሎች ክፍለ ሀገሮች ተስፋፍቷል። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ለወጣ ሰው የሚደውልበት ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጠዋል፣ ይደወልለታል፣ ፖስት ካርድም ይላክለታል፤ ክትትሉ በትንሹ ስድስት ወር ነው። የጅቡቲ ሐኪሞች በፈረንሳይኛ የሚሠሩ ስለሆኑ ይህን አሠራር ማምጣት አይከብዳቸውም። ነገር ግን በፈረንሳይኛ የተጻፈ መልእክት ለብዙዎቻችን የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሳይነበብ ይሰረዛል። የሚያጽናና ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋ መምጣት አለበት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ አጭር የድምፅ መልእክት ይበቃል።

ሆስፒታሎቹ እስኪጀምሩት ድረስ ማን ይላክ? እኔ መልሱ እድራችን ነው እላለሁ። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁሉም ያውቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ተራ ይወጣል፣ ያልመጣ ይቀጣል። ለለቅሶ እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ከለቅሶው በፊት ላሉት ወራት ሁለት ሰው መመደብ አያቅተውም። ሁለት ያልኩት አንዱ ለንግድ መንገድ ሲወጣ ሌላው እንዲተካ ነው። ያ ሰው ግን አስቀድሞ ፈቅዶ «እነ እገሌ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል» ማለት አለበት። ያለፈቃዱ ስሙን የእድር ስብሰባ ላይ ማንሣት ዕርዳታ አይባልም። ሁለቱ ሰዎች ከሊቀመንበሩ ጋር ያውቁታል፣ እዚያው ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት የተጠቀመበት ቀን ለእኛም ይሆናል፦ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር። እኔ በዓላትን እጨምርበታለሁ። ከአገሩ ርቆ ፋሲካን ወይም ዒድን በኪራይ ክፍል ብቻውን ያሳለፈ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

የሚጻፈውም አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ሰላም ነህ? አስቤህ ነው። መልስ ባትሰጥም ቅር አይለኝም።» ይህ 40 ፊደል አይሞላም። በግዕዝ ፊደል የሚላክ አንድ ቴክስት የሚይዘው 70 ፊደል ስለሆነ ይበቃናል። ምክር አያስፈልገውም፣ ተግሣጽ አያስፈልገውም፣ «ለልጆችህ ስትል» አያስፈልገውም። ስለ ሙከራውም አይጻፍ፤ ስልኩን የክፍሉ ልጆችም፣ አሠሪውም ያዩታል። የዕዳ ጥያቄ ደግሞ ፈጽሞ ከዚያ ቁጥር አይላክ። ከስሙ በታች ግን የላከው ሰው የራሱን ስም ይጻፍ። የሞቶ ደብዳቤ ኃይሉ ከሚታወቅ ሰው መምጣቱ ነበር።

«ብናነሣበት እናስታውሰዋለን» ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሰውን በቀጥታና በርኅራኄ «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባበት የዓለም ጤና ድርጅትም በግልጽ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በቴክስት አይሆንም፤ ፊት ለፊት ወይም በስልክ ድምፅ ነው። «ደክሞኛል»፣ «ተሰናበቱኝ»፣ «ዕቃዬን ለእገሌ ስጡት» የሚል መልስ ከመጣ ቴክስት መጻጻፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ወዲያው ይደወላል፣ ቅርብ ያለ ሰው ይሄዳል፣ ብቻውን አይተውም፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ለዚህ ነው ከአንድ ቁጥር በላይ የሚያስፈልገን፤ እኛ ካርቲየ 5 ሆነን እሱ ድሬዳዋ ቢሆን በሩን የሚያንኳኳ ሰው እዚያ መኖር አለበት።

ራሱ ይህን ሐሳብ ይዞ የሚያነብ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልለምንሽ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው «ብቻዬን መሆን አልፈልግም» ብለህ ላክ፣ ላኪ። ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ቀሪውን መጥቶ ይስማ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ከወርኃዊ መዋጮው ቀጥሎ ይህ አጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሁለት አገር ቁጥር፣ ቀኑን የማይረሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሒሳብ መያዝ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ይህንም መያዝ አያቅተንም።