ዋጋው በኢንቦክስ፣ ዕቃው በአውሮፕላን፣ ዳኛው የት?

አሶሳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለና ‹‹ጋሼ፣ በቴሌግራም ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ መጥቼ ከሱቅ ልግዛ?›› ሲል ጠየቀኝ። ‹‹ምኑን?›› ብለው ‹‹ፕሌይስቴሽን›› አለኝ። እኔ የማውቀው ጨዋታ ገበጣና ዳማ ነው፤ ጆተኒም ቢሆን ከሩቁ ነው። ስለዚህ ‹‹አንተ ልጅ፣ ዲግሪ ይዘህ ገና ጨዋታ?›› ብዬ መቆጣት ጀመርኩ። ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ልጁ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ሦስት ዓመት አልፎታል። ‹‹ተደራጁ›› ተባለ፤ ተደራጀ። ‹‹ቆጥቡ›› ተባለ፤ ቆጠበ። ‹‹ቅጽ ሙሉ›› ተባለ፤ ሞላ። ቅጹ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የገባበት መሳቢያ ብቻ ነው። ሲሰለቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ጣሉና ሁለት ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝተው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በጨዋታ የሚያስከፍሉበት ቤት ሊከፍቱ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ቤት በሠፈሩ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጎረምሳው ሁሉ ተኮልኩሎ ፊፋ የሚጫወትበት ነው። (ስሙ በ2016 ዓ.ም. ተለውጦ ‹‹ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ›› ቢባልም ልጆቻችን ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት።) ‹‹ተማሪ ያበላሻል›› የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን ዛሬ የያዝኩት ጉዳይ ሌላ ነው። ሦስት ሥራ አጥ ወጣቶች ያላቸውን ጥሪት ሁሉ በአንድ ካርቶን ዕቃ ላይ ሲያፈስሱ፣ ዕቃው ቢበላሽ ለማን አቤት ይላሉ? ነው ጥያቄዬ።

በሌላው ዓለም ‹‹ከኢንተርኔት ልግዛ ወይስ ከሱቅ?›› የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ ነው። ኢንተርኔቱ ይረክሳል፣ ደጅ ድረስ ያመጣል፤ ሱቁ ያስነካል፣ ያስሞክራል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥማ ዕቃ ሳያይ ከሩቅ የገዛ ሰው፣ ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ልብ በሉ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከደረሰው በኋላ ነው። ወደዚህች ነጥብ እመለስባታለሁ።

አሶሳ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አልፎ ነው የሚሄደው። ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከስብሰባ ሲመለሱ ከተገደሉ ጀምሮ፣ ያ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ ኖሯል። ደም የፈሰሰበት መንገድ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው ይጸልያል። ሱዳን ጦርነት ውስጥ ሳትገባ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በፊት ማለት ነው፣ የአሶሳ ሰው በኩርሙክ በኩል የሚመጣ ዕቃ አማራጭ ነበረው። ዛሬ በኩርሙክ በኩል የሚመጣው ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው ነው።

‹‹ታዲያ ኦንላይን የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው አገር አይደለም ወይ?›› ትሉኝ ይሆናል። መሆንማ ነበረበት! በኅዳር 2012 ዓ.ም. የአሊባባው ጃክ ማ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ ዓለም በኢትዮጵያዊው ገበሬ ደጃፍ ልትራገፍ ነው ተብሎ ተጨበጨበ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የሚባል ስትራቴጂም ጸደቀ። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ በ2017 ደግሞ ‹‹ዘመን ገበያ›› የሚባል ገበያ ተመረቀ። በነገራችን ላይ በሰኔ 2012 መጨረሻ የአገሪቱ ኢንተርኔት በአንድ ቀን ጠፍቶ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። መርካቶ በእሳት ይቃጠላል እንጂ አንድ ባለሥልጣን ማብሪያ ማጥፊያ ነክቶ አያጠፋውም።

ከውጭ አገር ማዘዝስ? እሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የፕሌይስቴሽን ኩባንያ የኔትወርክ አገልግሎት በሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ልጆቻችን አካውንት የሚከፍቱት የሌላ አገር ነዋሪ ነን ብለው ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጠው ስቲምም ዋጋውን በብር አይጽፍም። የብሩን ነገር ካነሣን ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ‹‹በገበያ ይመራ›› ተብሎ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ነጋዴውም ከስድስት ወር በፊት ባስገባው ዕቃ ላይ ‹‹ዶላር ጨመረ›› ብሎ ዋጋውን ለጠፈ።

ስለዚህ እኛ አገር ኦንላይን ማለት፣ በተግባር፣ የቴሌግራም ቻናል ነው። ጎበዝ፣ ገብታችሁ እዩት! ‹‹ያገለገለ›› ማለት ያፈረ ነጋዴ ‹‹ስላይትሊ ዩዝድ›› ይላል። የዕቃው ፎቶ የተነሣው አበባማ ሶፋ ላይ ነው። ዋጋውስ? ‹‹ዋጋ በኢንቦክስ!›› ነጋዴ ዋጋውን በይፋ ይለጥፍ የሚል ሕግ ባለበት አገር ዋጋ ሚስጥር ሆኖ፣ እንደ ንስሐ ለብቻ በጆሮ ይነገራል። ለቦሌ ልጅ አንድ ዋጋ፣ ለአሶሳ ልጅ ሌላ ዋጋ።

የእህቴ ልጅ ምክር ሲጠይቀኝ ለካ አንዱን ቀድሞ ገዝቶ ኖሯል! 38 ሺህ ብር በስልኩ ላከ። ሻጩ ዕቃውን ወደ አሶሳ ለሚበር አንድ ሰው ሰጠ። ሰውዬው ‹‹ቦምብ ነው እንዴ?›› እየተባለ ሲፈተሽ አርፍዶ ካርቶኑን አደረሰ። ሦስቱ ሸሪኮች ከበው ከፈቱት፤ ሰኩት፤ ሠራ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራ። ከዚያ እንደ ወፍጮ ጮኸና ጸጥ አለ። አሶሳ ላለ ጥገና ባለሙያ ሲያሳዩት ከዚህ በፊት ተከፍቶ በብየዳ የተነካካ መሆኑን ነገራቸው። ለሻጩ ደወሉ። ‹‹ብሮ፣ ሲወጣ ይሠራ ነበር፤ የእናንተ መብራት ነው ያቃጠለው›› አላቸው። በማግስቱ ስልኩ አይነሣም፤ ከቻናሉም ታገዱ። ደረሰኝ የለ፣ ስም የለ፣ አድራሻ የለ። አሶሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ምን ይበሉ? ‹‹አበባማ ሶፋ ያለው ሰውዬ ሰረቀን›› ይበሉ?

እኔም ‹‹እንግዲያው ና፣ አብረን ከሱቅ እንግዛ›› አልኩት። መጣ። ሁለት ቀን ቦሌና መርካቶ ዞርን። መቼም የሱቅን ነገር ማመስገን አለብኝ፤ የሱቅ ጥቅሙ መንካት ነው። ልጁ ከመከራው ተምሮ ስለነበር ሳያፍር መረመረ። ከኋላ ያለው የማሸጊያ ተለጣፊ መቀደድ አለመቀደዱን አየ። የቴሌቪዥኑ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ወዘወዘ፤ ዲስክ አስገብቶ አወጣ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ እንደሚሄድ አሳየኝ፤ ያ ያረጀ ነው ማለት ነው አለኝ። ሻጩን አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያበራው አደረገና የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጠ። ጨዋታዎቹንም በሃርድ ዲስክ እዚያው አስጫነ፤ አሶሳ ሆኖ አንድ ጨዋታ በሞባይል ዳታ ከማውረድ አዲስ አበባ በእግር መምጣት ይቀላል። ይህን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ማድረግ አይቻልም።

ክፍያው ላይ ስንደርስ ግን ሻጩ ‹‹በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?›› አለን። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ይጨመራል። ‹‹በደረሰኝ!›› አልኩ፤ የጋዜጣ ሰው ነኝና። ደረሰኙ ሲመጣ ግርጌው ላይ ምን ተጽፏል? ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም››። እኔም አላስችል ብሎኝ ስለ ንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማስረዳት ጀመርኩ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል ብዬ። ሻጩ ፈገግ አለና ‹‹አባባ፣ ይሄ አዋጅ የት ሱቅ ነው የሚሸጠው?›› አለኝ። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ያልሳቅኩበት ምክንያት እንዲህ ነው። 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው እንጂ ዕቃው ከደረሰበት ቀን አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ገዢ ይህ በቂ ነው። የአሶሳ፣ የጉባ፣ የካማሺ ገዢስ? ካርቶኑ የሚይዝለት ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ጠፍቶ ሳይሞከር ሲያድር መብቱ በመንገድ ላይ ያልቃል። ‹‹ና ክሰስ›› ቢባልስ? የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ፣ አልጋ ይዞ ለ38 ሺህ ብር ሊከስ ነው? ይህን የሚከታተለው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱ በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት በአዋጅ ሕጋዊ ሆነ፤ ቴሌግራም ላይ የተበላው ሰው ግን ከነአዋጁ ተቀምጧል።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። የልጁን ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ደምረን ስናይ ከሱቅ የገዛነው ፕሌይስቴሽን ዋጋ አንድ የአሶሳ ነጋዴ ከጠየቀው በለጠ። ይህ ነጋዴ ከአዲስ አበባው ዋጋ ላይ 6 ሺህ ብር ጨምሮ ‹‹እኔ አመጣላችኋለሁ›› ብሏቸው ነበር። ልጁም ‹‹ቀማኛ›› ብሎ ትቶት ነው ወደ ቴሌግራም የሮጠው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ!

እኔ ግን ‹‹በሞተው ምትክ የምትገዙትን ከዚያ ቀማኛ ግዙ›› አልኩት። እንዴት? ሰውዬው አሶሳ ነው የሚኖረው። ሱቁ ከገበያው አጠገብ ነው። አባቱ ይታወቃል፣ ልጆቹ ይታወቃሉ፣ የሚሰግድበት መስጊድ ይታወቃል። ዕቃው ቢሞት ሱቁ በር ላይ ሄዶ መቀመጥ ይቻላል፤ እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላካል። የድሮው ነጋዴ ዋስ እየጠራ ነበር የሚገበያየው፤ የአሶሳው ሰውዬ ራሱ ዋስ ነው። 6 ሺህ ብሩ የትርፍ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አደጋ በልጁ ፋንታ እሱ የሚሸከምበት ዋጋ ነው። ልጁም ግማሹን ሰጥቶ፣ ቀሪውን ከወር በኋላ ሊከፍል ተዋዋለና ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ጆይስቲክ ተበላሸ። ነጋዴው አጉረመረመ፣ ‹‹ልጆች ደብድባችሁት ነው›› አለ፣ ግን ቀየረለት።

ነገር ግን አንድ ደግ ነጋዴ ለሕግ ምትክ ሊሆን አይገባም። ከጠያቂነቱ ማምለጥ የሌለበት መንግሥት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው። ወርቁም ከዚሁ ምድር ይወጣል። ታዲያ የክልሉ ልጅ ፕሌይስቴሽኑን ከሰካ በኋላ መብራት እንዳይጠፋበት ጣራ ጣራውን ያያል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። እኛ የምንለው ግድቡን በየቤቱ አድሉት አይደለም። 15ቱን ቀን ዕቃው ከደረሰበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። በስልክ የተከፈለ ገንዘብ ገዢው ‹‹ደርሶኛል፣ ይሠራል›› እስኪል ድረስ ሻጩ እጅ አይግባ፤ ቴክኒኩ አስቸጋሪ አይደለም፣ አገር ሙሉ ሕዝብ በስልኩ እየከፈለ ነው። ቻናል ከፍቶ የሚሸጥ ሰው ስሙንና የንግድ ፈቃድ ቁጥሩን ይለጥፍ። አቤቱታውም አሶሳ ላይ ይታይ እንጂ ከሳሹ አዲስ አበባ አይጎተት። እነዚህ አራት ነገሮች ስንት ስብሰባ፣ ስንት አበል ይጠይቃሉ?

ቤቱ ተከፍቷል። ሁለቱ ፕሌይስቴሽኖች ይሠራሉ፤ ሦስተኛው፣ የሞተው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተጫዋቾቹን ተራ የያዘ ደብተር ተሸክሟል። ትናንት ማታ ልጁ አንድ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ ስም ያለው አዲስ ቻናል ነው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ‹‹ስላይትሊ ዩዝድ››፣ ‹‹ወደ ክልል እንልካለን››። የተቀመጠው ያችው አበባማ ሶፋ ላይ ነው። ከሥሩ ‹‹ዋጋ በኢንቦክስ›› ይላል።