ቀበሮው ይቆጠራል፤ ጭቃውስ?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም የቀይ ቀበሮ ፎቶ ለጠፍን። ደግ አደረግን። ስለ ረግረጉስ ማን ተናገረ?

ከጎባ ሽቅብ፣ ሳነቴ ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። ተመራማሪዎች ከሥሩ ደለል አውጥተው፣ በውስጡ የቀረውን የአልጌ ስኳር ሳይቀር ለክተው፣ ሐይቁ መቼ ሞልቶ እንደፈሰሰ፣ መቼ እንደጎደለ አነበቡበት። ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ከጭቃ ወጣ!

የዛሬው ረግረግም እንዲሁ ይናገራል። ውሃ እስከጠገበ ድረስ አየር ስለማይገባው ረቂቅ ተሕዋስያን የሣሩን ቅሪት ቶሎ አይጨርሱትም። ቦይ ሲቀደድበትና ሲደርቅ ግን በልተው ይጨርሱታል፤ ክረምቱን ውሃ ይዞ የሚያቆየው አፈር አብሮ ያልቃል። በበጋ ዌብንና ገናሌን የሚደግፈው ይኸው አፈር ነው።

«የጭቃ ስኳር ለእረኛው ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። የእረኛውስ ላም ከየት ልትጠጣ ነው?

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ፣ ከተራራው ሥር ነው። የረግረጉን ደለል በየዓመቱ ለክቶ ለሕዝብ የሚያሳውቅበት ቋሚ በጀት ይመደብለት። ምንጩ ከነጠፈ በኋላ የሚቀርብ ጥናት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።