አተሩ ሳይወድቅ ድጋፉ ይቁም



ባለፈው ዓመት ክረምት ዓለም ከተማ በሚገኘው ጓሮአችን አተር ዘርተን ነበር። በሰኔ መጀመሪያ የዘራነው ቡቃያ አምሮ ወጣ፤ አበባውም ዓይን የሚማርክ ነበር። ከአጥር ማዶ ለሚኖሩት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ «እማማ፣ ለረቡዕና ለዓርብ ጾምዎ የሚሆን እሸት ከእኛ ነው» ብለን ቃል ገብተንላቸው ነበር። ድጋፍ ግን አላቆምንለትም። «ነገ እናቆምለታለን» እያልን ቆየን። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሌሊት ከነፋስ ጋር የወረደ ዝናብ አተሩን እርስ በርሱ እንደተጠላለፈ መሬት ላይ አስተኛው። በማግሥቱ ልናነሳው ስንሞክር አገዳው በእጃችን ላይ ተሰበረ። ጭቃ ላይ ያረፈው እሸት ሻገተ፤ የተረፈው ለራሳችን ድስት እንኳ አልበቃም። ባዶ እጃችንን ሄደን ይቅርታ ስንጠይቅ እማማ ሳቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ አተር እኮ ያለ ባቄላ አይቆምም» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ብዙ ገበሬዎች አተርን ከባቄላ ጋር ደባልቀው ይዘራሉ። ባቄላ አገዳው ጠንካራ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ አተር ግን ቁመቱ እንጂ ጉልበቱ የለውምና ባቄላውን ተደግፎ ይወጣል። በዚህ ዘዴ አተሩ ከመሬት ይነሣል፣ አየርና ፀሐይ ያገኛል፣ ለአጨዳም ይቀላል። የአተሩ ዘር ከባቄላው ያነሰ መሆን እንዳለበት ግን ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል፤ አተሩ ከበዛ ደጋፊውን ባቄላ ጭምር ይዞት ይወድቃልና። ባቄላ በሌለበት የጓሮ መደብ የባቄላውን ሥራ የምንሠራው እኛ ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ አተር እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ቦሎቄ ሐረግ ግንዱን በእንጨት ላይ አይጠመጥምም። የሚወጣው በቅጠሉ ጫፍ ላይ በሚበቅሉት እንደ ክር በቀጠኑ መጨበጫዎች ነው። እነዚህ መጨበጫዎች የሚይዙት ቀጭን ነገር ብቻ ነው፤ እርሳስ ከሚያህል እንጨት በላይ የወፈረውን ዞረው ሊጨብጡት አይችሉም። ስለዚህ በአተር አጠገብ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ «ድጋፍ አደረግሁለት» ማለት ዋጋ የለውም።

ሥራው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ጊዜው። ድጋፉ በሚዘራበት ዕለት፣ ቢዘገይ ደግሞ ቡቃያው 10 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ ይቁም። ከዚያ በኋላ እንጨት መትከል ሥሩን ይጎዳል፤ የወደቀውን ማንሳትም አገዳውን ይሰብራል።

2ኛ. ጭራሮ። ከሁሉ የሚሻለው ድጋፍ ለማገዶ የሚለቀመው ቅርንጫፈ ብዙ ጭራሮ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። ወፍራም ጫፉን አሹሎ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ማስገባት፣ በሁለት የአተር መስመሮች መካከል አቀራርቦ መደርደር፣ የላይኛውን ጫፍ እርስ በርሱ ማያያዝ ነው።

3ኛ. ካስማና ገመድ። ጭራሮ ያጣ ሰው በየ1 ሜትር ተኩሉ የባሕር ዛፍ ወይም የሸምበቆ ካስማ ይትከል፤ በካስማዎቹም መካከል በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ገመድ ይወጥር። ቃጫ ይበቃል። በመንዝ በኩል ያላችሁ ደግሞ ከጓሳ ሣር ገመድ መግመድን ከአባቶቻችሁ ታውቁታላችሁ።

4ኛ. አገዳ። የማሽላ አገዳ የሚገኝበት ሰው ሦስት ሦስቱን ከላይ አስሮ እንደ ጎጆ ያቁማቸው። አገዳው በዝናብ ስለሚበሰብስ ከአንድ ክረምት በላይ አያገለግልም።

5ኛ. ጥንቃቄ። ቅንጭብ አትጠቀሙ፤ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ እርጥቡም መሬት ሲነካ ይበቅላል። እሾሃም የግራር ቅርንጫፍም እሸት ለሚለቅሙ ልጆች አይሆንም። አፈራችሁ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ የቆመን አተር ድጋፍ አያድነውም።

«ማገዶ በጠፋበት አገር እንጨት ለአተር?» የሚል ሊኖር ይችላል። በመንዝ ደጋ ኩበት የሚነደው እንጨት ስለጠፋ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ጭራሮው አይባክንም። እሸቱ ካለቀ በኋላ ተነቅሎ፣ ደርቆ ወደ ምድጃ ይገባል። ከመንደዱ በፊት አንድ ወቅት አተር ተሸከመ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን! በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 141 አላህ (ሱ.ወ.) በዳስ ላይ የሚወጡትንም ያለ ዳስ የሚያድጉትንም አትክልቶች ያስገኘ እርሱ መሆኑን ያስታውሰናል። በዚያው አንቀጽ ፍሬውን እንድንበላ፣ በሚሰበሰብበት ቀን ሐቁን እንድንሰጥና እንዳናባክን ያዘናል። የጓሮ አተር አብዛኞቹ ዑለማእ ለእህል ዘካ መነሻ ካደረጉት 5 ወስቅ አይደርስም። የሰደቃ በር ግን ክፍት ነው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከዘራው ወይም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እኛ ባለፈው ዓመት ጭቃ ላይ ያስቀረነው እሸት ስንፍናችን ያባከነው የጎረቤት ድርሻ ነበር።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምንደግፈው እንደዚያ አተር ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ «ገና ነው» እንላለን፤ ወድቆ ስናየው ወፍራም ዱላ ይዘን እንነሣለን። የልጅ እጅ ግን የሚጨብጠው ቀጭኑን ነው። አብሮ መስገድን፣ ማታ ማታ አንዲት አንቀጽ ማስቀራትን፣ ውሎውን ጠይቆ መስማትን። እነዚህ በጊዜው ከቆሙለት ራሱ ይዞ ይወጣል። እንግዲያው ጭራሮውን ስትተክሉ ልጆቻችሁን አብራችሁ አሰልፉ፤ አንዱ ያሹል፣ አንዱ ይሰር። ለጎረቤት የሚደርሰውን እሸትም እነርሱው ይውሰዱ።

ዘንድሮ እኛ ጭራሮውን ያቆምነው በዘራንበት ዕለት ነው። ዝናቡም ነፋሱም እንዳምናው መጣ፤ አተሩ ግን ተወዛወዘ እንጂ አልተኛም፤ አልሐምዱሊላህ። በመስከረም የመጀመሪያው ረቡዕ ትንሿ ልጃችን አንድ ሰፌድ እሸት ይዛ ወደ እማማ ቤት ሄደች። ሰፌዱም ባዶውን አልተመለሰም፤ ቃሪያ ሞልተው ላኩልን።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር ስለ አተር ዘር አመራረጥና አቀማመጥ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።